የወንድሜ ፓምፕና ጀሪካኖቹ

ወንድሜ የሞተው በኅዳር መጀመሪያ፣ ጥጡ ሲለቀም ነው። ወባ ነበር። ሦስት ቀን ተኛ፤ በአራተኛው ቀን በፒካፕ ጭነን ወደ አዋሽ ከተማ ስንወስደው መንገድ ላይ አረፈ። የተቀበረውም እዚያው አዋሽ ነው። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ ለመጻፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ስለ ጠመንጃዎቹ ግን መጻፍ እችላለሁ። እሱ ትቶልኝ የሄደው ሥራ እነሱን መጠበቅ ነበርና።

እርሻው ከአዋሽ ከተማ በታች፣ ወንዙን ተከትሎ የተዘረጋ የጥጥ እርሻ ነው። ዳር ዳሩ ላይ በቆሎ ይዘራል። ከርከሮ ጥጡን አይነካም፤ በቆሎውን ግን አያስተርፍም። ስለዚህ ዘበኞቹ የአደን ጠመንጃ ይይዛሉ። እኛ ፓምፕ ነው የምንለው። እጅ መያዣውን ወደ ኋላ ስበው ወደ ፊት ሲገፉት የተተኮሰውን ቀለሃ ይጥልና ሌላ ጥይት ያጎርሳል። አምስት ነበሩን። ሦስቱ አሮጌ ናቸው፤ እኔ ሳልወለድ የተገዙ፣ ሰደፋቸው እንጨት። ሁለቱ አዲስ ናቸው፤ ሰደፋቸውም እጅ መያዣቸውም ጥቁር ፕላስቲክ።

አዲሶቹ የመጡ ዕለት ዘበኞቹ ሁሉ መጋዘኑ በር ላይ ተሰብስበን ነበር። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት የወሎው ሰውዬ አንዱን አነሱና በጣታቸው ሰደፉን ኳ ኳ አደረጉት። «ወላሂ ይሄ ጀሪካን ነው» አሉ። «ክዳኑ የታለ? ውሃ ልቅዳበት።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው ጀሪካን ሆኖ ቀረ። «ማነው ዛሬ ጀሪካን የያዘ?» ይባላል። ወንድሜ ግን አልሳቀም። ሁለቱንም ፈትቶ ጆንያ ላይ ዘረጋቸው፤ አሮጌውንም አጠገባቸው ፈታው። ከዚያ እኔን ጠርቶ አስቀመጠኝ።

ያን ቀን ያሳየኝን እስካሁን አስታውሳለሁ። የአሮጌው አካል ከአንድ ድፍን ብረት ተቆርጦና ተሞርዶ የወጣ ነው አለኝ። ጠርዙን በጥፍር ሲነኩት ይታወቃል። የአዲሱ ውስጥ ግን አንዳንዱ ዕቃ ከቆርቆሮ ተጨፍልቆ የታጠፈ ነው፤ አንዳንዱም ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ። በአሮጌው ላይ ቁጥሩ በጥልቀት ተቀርጿል፤ በአዲሱ ላይ እንደ ጽሕፈት ስስ ሆኖ ተጭሯል። የአሮጌው ጥቁረት ቀለም አይደለም። ብረቱ ራሱ ነው የጠቆረው፤ እጅ በሚበዛበት ቦታ ወደ ብርማ ይሄዳል እንጂ አይላጥም። አዲሱ እንደ ድስት እጀታ ቀለም የተቀባ ነው። ከወር በኋላ ማንገቻው የሚነካው ቦታ ተላጠ፤ ከስሩም ዝገት ወጣ። እጅ መያዣውም ይወዛወዛል። ሲሄዱ ቃ ቃ ቃ ይላል። ከርከሮው ቀድሞ ይሰማል።

ለአዲሶቹም የሚባል ነበር፤ ወንድሜ ባይወደውም። ቀላል ናቸው። በቀን ስንት ጊዜ ቦዩን ለምንዞር ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የአሮጌዎቹ እንጨት ደግሞ በዚህ አገር ሙቀት ደርቆ ተኮማትሯል፤ ከብረቱ ጋር የሚገናኝበት ላይ ክፍተት ነበረው። ወንድሜ ቁራጭ ቆዳ እየወተፈ ነው ያጠበቀው። ይህን ሳነሳበት «እንጨት ነዋ፣ ነፍስ አለው» ይለኝ ነበር። ሥራ አስኪያጁም ሲሰማ «ያንተ ጠመንጃ ነፍስ ካለው ደመወዝ ልክፈለው?» ብሎ ያሾፍበታል። ወንድሜ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። አሮጌዎቹ አይበላሹም፤ አዲሶቹን መግዛት አያስፈልግም ነበር፤ ይህን ለሥራ አስኪያጁ በፊቱ የተናገረ እሱ ብቻ ነው።

ከሦስቱ አሮጌዎች አንዱ የሱ ነበር። የእርሻው ነው በእርግጥ፣ ግን ሌላ ሰው ሲይዘው አላየሁም። ሰደፉ ላይ ጉንጩ የሚያርፍበት ቦታ ጠቁሮ ያበራ ነበር።

አሁን መናገር ያለብኝ ሌላ ነገር አለ። ከመሞቱ በፊት በነበረው ክረምት ነው፤ በሐምሌ። ጠዋት በቆሎው ዳር አብረን ቆመን ነበር። እሱ ከርከሮ አየና ጥይት አጎረሰ። እጅ መያዣውን ወደ ፊት በኃይል ገፋው። ጠመንጃው ተኮሰ። አፈሙዙ ወደ መሬት ነበር። አፈሩ ተነስቶ ሱሪዬን መታኝ፤ ከእግሬ አንድ እርምጃ ያህል ነው። እሱ ጠመንጃውን አየ፣ ቀጥሎ እግሬን አየ።

«ምላጩን ነካኸው?» አልኩት።

ጣቱን አሳየኝ። ጣቱ ምላጩ ላይ አልነበረም፤ እንጨቱን ይዞ ተዘርግቶ ነበር።

«አልነካሁም» አለ። ቆየት ብሎ «ለማንም እንዳትናገር። ዕቃ እስኪገኝለት እኔ ብቻ ነኝ የምይዘው።»

አልተናገርኩም። እሱም ለማንም አልሰጠውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባዶውን ነበር የሚይዘው፤ ጥይቶቹ በደረት ኪሱ። ከርከሮ ሲመጣ ባዶውን ስቦ ይገፋዋል፤ ድምፁ ብቻ ያባርራቸው ነበር። ግን በየወሩ መጨረሻ መዝገቡ ላይ የአምስቱም ጠመንጃ ሁኔታ ይጻፋል። በዚያ ጠመንጃ ትይዩ «ደህና» ብሎ እየጻፈ ፈረመ። የሐምሌን፣ የነሐሴን፣ የመስከረምን፣ የጥቅምትን። አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ለምን እንዳደረገው ያኔ አልጠየቅኩትም። አሁን ሳስበው፣ አይበላሹም ብሎ ለሁሉም ከተናገረ በኋላ የተበላሸው የሱ መሆኑ ይመስለኛል። ወይም ይወስዱብኛል ብሎ ይሆናል። አላውቅም።

ከቀብሩ በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ የመጋዘኑን ቁልፍና መዝገቡን ሰጠኝ። «አሥራ ሁለተኛን ጨርሰሃል፣ መጻፍ ትችላለህ» አለኝ። ያን ጊዜ እጄ ሥራ ይፈልግ ነበር። ዝም ብዬ ስቀመጥ ጥሩ አልነበረም። ትራክተር ጋራዡ ሄጄ በቆርቆሮ የሞተር ዘይት አመጣሁና ሁለቱን ጀሪካኖች አርስኳቸው። ውስጣቸውን ሁሉ። ወንድሜ እንዲህ አያደርግም ነበር። እሱ አንድ ጠብታ በጣቱ አድርጎ ይቀባና በጨርቅ መልሶ ያደርቀዋል። እኔ ግን አዲሶቹን ስለማልወዳቸው ልክሳቸው ፈልጌ ይሆን፣ ልክ እንደ ተጠማ ሰው አጠጣኋቸው። አሮጌዎቹን አልነካሁም። እሱ ባስቀመጣቸው ሁኔታ እንዲቆዩ ፈልጌ ነው።

ለቀማው ገና አላለቀም። የጥጡ ብናኝ አየሩን ሞልቶት ነበር፤ ቅንድብ ላይ ሳይቀር ያርፋል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንዱ ጀሪካን ነክሶ ያዘ። እጅ መያዣው ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። በታኅሣሥ ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። ሽማግሌው ዘበኛ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ታገሉትና መልሰው ሰጡኝ። «ወንድምህ ብሏል» አሉ። ሁሉም እንደዚያ አለ። ወንድምህ ብሏል። ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

በኅዳርና በታኅሣሥ መጨረሻ መዝገቡን የሞላሁት እኔ ነኝ። በጀሪካኖቹ ትይዩ፣ በኅዳር በአንዱ፣ በታኅሣሥ በሁለቱም፣ «ብልሽት» ብዬ ጻፍኩ። በወንድሜ ጠመንጃ ትይዩ «ደህና»። ሁለት ጊዜ። ፈረምኩም።

በጥር ሰመራ ካለው ፈቃድ ሰጪ ቢሮ ደብዳቤ መጣ። የእርሻው የጦር መሣሪያ ፈቃድ ይታደሳል፤ ከአምስቱ ግን አራት ብቻ ነው የሚፈቀደው። አምስቱንም ይዛችሁ ኑ፣ ተመርምረው አንዱ እዚህ ይቀራል ይላል። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን አንብቦ ወደ እኔ ገፋው።

«የትኛው ይቅር?» አለኝ።

«ከጀሪካኖቹ አንዱ» አልኩ። ወዲያው ነው ያልኩት።

«በጽሑፍ አድርገህ አምጣልኝ» አለ።

በአንድ ገጽ ጻፍኩት። በአንድ በኩል አሮጌ፣ በአንድ በኩል አዲስ። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ፤ ድፍኑን ብረት፣ ቆርቆሮውን፣ ቀለሙን፣ ውዝዋዜውን። ከስር ደግሞ አዲሶቹ በሁለት ወር ውስጥ ሁለቱም እንደነከሱ፣ አሮጌዎቹ አንድም ቀን እንዳልነከሱ ጻፍኩ። ውሸት አልነበረበትም። የሐምሌው ነገር ብቻ ነው የሌለበት። የሱን ጠመንጃ እኔ እይዘዋለሁ፣ ጠባዩን አውቃለሁ ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። ነገር ግን ዘበኛ ዕረፍት ይወጣል፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው የሱን ይይዛል። ይህንንም አውቅ ነበር። ሽማግሌው ሰውዬ ጥይት ሲያጎርሱ አፈሙዙን ወዴት እንደሚያደርጉ አያስተውሉም። ይህ ሲመጣብኝ ሌላ ነገር ላስብ እሞክራለሁ።

ከአዋሽ ጠዋት ተነስተን ሰመራ ስንገባ ማታ ሆኖ ነበር። ሾፌሩ፣ ሥራ አስኪያጁና እኔ ነን። ጠመንጃዎቹ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ከኋላ ከእኔ ጋር ናቸው። በማግስቱ ሥራ ሲከፈት ቢሮው ግቢ ውስጥ ነበርን። መርማሪው ጢማቸው በሂና የቀላ የአፋር ሰው ናቸው። ሽርጥ ለብሰው፣ መነጽር አድርገው፣ ዳስ ስር ረጅም ጠረጴዛ አስቀርበው ተቀምጠዋል። አምስቱን ደረደርኩላቸው። የጻፍኩትንም ወረቀት ሰጠኋቸው። ቀስ ብለው አነበቡት፤ ሁለት ቦታ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ትምህርት ቤት ገብተሃል» አሉኝ።

መጀመሪያ ያነሱት ጀሪካኑን ነው። ሳቡት፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ቢስሚላህ ብለው ፒኖቹን አወጡና ፈቱት። ከዚያ በቀጭን ሽቦ ከውስጡ አንድ ነገር ጎትተው አወጡ። ግራጫ ነው፣ ወፍራም፣ እንደ ብርድ ልብስ ጠርዝ የተደፈነ። እየጎተቱት አያልቅም። ጠረጴዛው ላይ አጋደሙትና አሸተቱት።

«ምን ዘይት ነው?»

«የትራክተር» አልኩ።

«ይሄ ትራክተር ነው?»

ሾፌሩ ሳቀ። ሰውዬው አልሳቁም፤ ግን ዓይናቸው ሳቅ ነበረበት። የጥጥ ብናኝና ዘይት ሲገናኙ እንዲህ እንደሚደፈን፣ ከጥጥ እርሻ የሚመጣ ጠመንጃ ሁሉ ይህ ችግር እንዳለበት ነገሩን። «እናንተ እዚህ ውስጥ ጋቢ እየሠራችሁ ነበር» አሉ። ጠርገው፣ በደረቅ ጨርቅ አሽተው ገጠሙትና ሳቡት። ሄደ። አሥር ጊዜ ሳቡት፤ አሥሩንም ሄደ። ሁለተኛውንም እንደዚያው አደረጉ። የጻፍኩት ወረቀት ክብደት ተደርጎበት ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ «ነከሱ» የሚለው ቃል ከሩቅ ይታየኛል።

ሥራ አስኪያጁ «ታዲያ አዲሶቹ ደህና ናቸው ማለት ነው?» አላቸው።

አሠራራቸው ርካሽ ነው አሉ ሰውዬው። ልጁ የጻፈው ልክ ነው፤ ቀለሙ ይላጣል፣ ቆርቆሮውም አንድ ቀን ይታጠፋል። ግን ሥራቸውን ይሠራሉ። የነከሱት በዘይቱ ነው።

ከዚያ አሮጌዎቹን አነሱ። ሁለቱን አይተው ወደ ጎን አደረጉ። የወንድሜን መጨረሻ ላይ ነው ያነሱት። በመዳፋቸው መዘኑት። ስበው ገፉት፤ ድምፁ ሌላ ነበር። ሰውዬው ሰደፉ ላይ ያበራውን ቦታ በአውራ ጣታቸው አሹት። ቆዳ የተወተፈበትንም አዩና «ማነው ይህን ያደረገ?» አሉ። «ወንድሜ» አልኩ። «እጅ አለው» አሉ። እንዲህ ዓይነት አሁን እንደማይሠራ፣ እንዲህ ያለ ብረት የሚቆርጥ ሰው ዛሬ ውድ እንደሆነ ተናገሩ። ሁለት ጊዜ ባዶውን አቀባብለው አዳመጡ። ምንም የለም። ከሚፈቀዱት ጋር ሊያደርጉት እጃቸውን ዘረጉ። እንዲቆይልኝ የፈለግኩት እሱ ነው፤ እየቆየልኝ ነበር።

ቅጹ ላይ እያዩ፣ እንደ ልማድ፣ ጠየቁኝ። «የምታውቀው ችግር አለበት?»

ለምን ያኔ እንደተናገርኩ እስካሁን አላውቅም። ምናልባት ባይጠይቁኝ ዝም እል ነበር። የሽማግሌው ዘበኛ እጅ ነው በዓይኔ ላይ የመጣው፤ ጠመንጃውን ሲቀበለኝ።

«ይተኩሳል» አልኩ። «ምላጩ ሳይነካ።»

ሥራ አስኪያጁ ዞር አለ። ሰውዬው ጠመንጃውን መልሰው አስቀመጡት።

«መቼ?»

«ሲያጎርሱት። በኃይል ሲገፉት። ሁልጊዜ አይደለም።»

አፈሙዙን ወደ አሸዋው አድርገው ባዶውን በኃይል አቀባበሉ። ምንም። ደገሙ። ምንም። ሦስተኛ። ምንም። ትንሽ ተስፋ አደረግኩ፤ ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል። በአራተኛው ከውስጥ ቀጭን ድምፅ ወጣ፤ ጠቅ። ጣታቸው ምላጩ አጠገብ አልነበረም።

«መምቻው ራሱ ወረደ» አሉ። ፈትተው አንዲት ትንሽ ብረት አወጡና መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩአት። ጠርዟ በአገልግሎት ብዛት ተበልቶ ክብ ሆኗል። ይህ ሞዴል ዕቃው እንደማይገኝ ነገሩን። ከዚያ መዝገቡን ሳቡ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሐምሌ።»

ገጹን ገለጡ። ሐምሌ፣ ደህና። ነሐሴ፣ ደህና። መስከረም። ጥቅምት። ጣታቸው እየወረደች ሄደች። «ከዚህ በኋላ ጽሕፈቱ ሌላ ነው» አሉ።

«የኔ ነው። የላይኞቹ የወንድሜ ናቸው።»

«ወንድምህ የት አለ?»

«ሞቷል።»

እጃቸውን ከመዝገቡ ላይ አነሱ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ፤ ቀስ ብለው። «አላህ ሶብሩን ይስጥህ ልጄ።» ግን እንደገና ጠየቁ፤ ሥራቸው ነውና። «ከሐምሌ ወዲህ ማን ይይዘው ነበር?»

«እሱ ብቻ። ባዶውን። ለማንም አልሰጠም።»

«ከሱ በኋላስ?»

«ከሞተ ወዲህ ተቆልፎበታል።»

እስክሪብቷቸውን አነሱና ጻፉ። ሲጨርሱ ወረቀቱን አዙረው አስነበቡኝ። ችግሩ ከሐምሌ ጀምሮ ይታወቅ እንደነበር፣ በመዝገቡ ላይ እንዳልተገለጸ፣ ያዡ ግን ጠመንጃውን ለሌላ ሰው እንዳላስተላለፈና ባዶ ይዞት እንደነበር ይላል። የመጨረሻውን መስመር መጻፍ ግዴታቸው ነበር ወይ አላውቅም። ከስሩ ፈረምኩ።

ጠመንጃው እዚያ ቀረ። ራሴ ልውሰደው ብዬ ፈቀዱልኝ፤ ዕቃ ቤቱ ድረስ ይዤው ሄድኩ። ሰውዬው መደርደሪያ አሳዩኝ። አስቀመጥኩትና ወጣሁ። ብዙ አልቆየሁም።

ስንመለስ በምሳ ሰዓት ገዋኔ ደረስን። ከባድ መኪኖች መንገዱን ይዘውት ነበር፤ ሾፌሮቹ ከጥላው ስር ፍየል እየበሉ ይጮኻሉ። ሥራ አስኪያጁ ከሰመራ ጀምሮ ቃል አልተናገረኝም። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ነበር፤ ከሥራም ሊያስወጣኝ ይችላል። ምግቡ ከቀረበ በኋላ ነው የተናገረው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ። «እሱ ቢኖር ኖሮ ትናገር ነበር?»

ማሰብ አላስፈለገኝም። «አልናገርም ነበር» አልኩ።

«እሱስ?»

«ዕቃ ይፈልግለት ነበር። ካጣ... አላውቅም ጋሼ።»

«እኔም አላውቅም» አለ። ትሪውን ወደ እኔ በኩል ገፋ አደረገው። «ብላ።»

በላን። ቁልፉን አልጠየቀኝም። ከዚያ ሳልጠይቀው ስለ ወንድሜ ማውራት ጀመረ። ወደ እርሻው ሲመጣ ዘበኛ አልነበረም፤ ይህን እኔም አውቃለሁ። ለቃሚ ሆኖ ነበር የመጣው። በመጀመሪያው ሳምንት የለቀመውን ጥጥ ክምር ላይ ጋደም ብሎ እንቅልፍ ወሰደው፤ ሌሎቹ ሳያዩት ከላይ ጨመሩበት። ጫኞቹ ሲመጡ ከነጥጡ ተሳቢው ላይ ሊወረውሩት ነበር። ሰው መኖሩን ያወቁት ጫማውን አይተው ነው። ተነስቶ ማንንም ሳያይ፣ ጥጥ በጥጥ ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ ወደ መስመሩ ሄዶ መልቀም ቀጠለ።

«ይህን ነግሮኝ አያውቅም» አልኩት።

«ያፈረበትን ነገር እንዴት ይንገርህ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።